ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ማን ቀድሞ ይነሣል?



በቡልጋሪያም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር፣ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት በሚሰጡ ትንንሽ ቤቶች ጥቂት የቆየ ሰው ሁለት ዓይነት ቅሬታ መስማቱ አይቀርም። አንደኛው «አማርኛው እምቢ አለኝ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ፍላሼ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ» የሚል ነው። ሁለቱ ቅሬታዎች የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ይሁን እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። ይኸውም ኮምፒዩተር ሲከፈት ማንም ሳይጠራቸው አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው መነሣት የነበረበት አልተነሣም፤ በሁለተኛው ደግሞ መነሣት የሌለበት ተነሥቷል።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ማብሪያው ሲነካ ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ የራሱን አካላት ይፈትሻል። ቀጥሎ ዊንዶውስን ከዲስኩ ላይ ያነሣል። ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ጽፎ ሲገባ ደግሞ ዊንዶውስ ዝርዝር አውጥቶ ስማቸው የሰፈረውን ፕሮግራሞች ይቀሰቅሳል። አሠራሩ አዲስ አይደለም። በዶስ ዘመን ይህንን ዝርዝር የሚይዝ «ኦቶኤግዜክ» የሚባል ትንሽ ፋይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 ደግሞ «ስታርታፕ» የሚባል ቦታ አዘጋጀ፤ ይህ ስም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። እንግዲህ በዚያ ቦታ ማን እንደተቀመጠ የማያውቅ የኮምፒዩተር ባለቤት፣ የገዛ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳደረ እንደማያውቅ አባወራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አማርኛውን ማስነሣት

በአገራችን ጽሕፈት ቤቶች ሲሠራበት የቆየው ፓወር ግዕዝ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ካልተነሣ ቁልፎቹ ቢመቱ የሚወጣው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። በመሆኑም መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር፣ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ በተከፈተ ቁጥር ጸሐፊዋ እንደገና ልታስነሣው ይገባል። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ይህንን ሳታውቅ ደንበኛ አቁማ ብትጨነቅ አይፈረድባትም።

መፍትሔው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። በዴስክቶፑ ላይ ያለውን የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ አዝራር ተጭነው «ኮፒ» ይበሉ። ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍና የ«አር»ን ፊደል አንድ ላይ ይጫኑ፤ ትንሽ ሳጥን ትከፈታለች። በእርሷ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሼል» ብለው፣ ሁለት ነጥብ አስከትለው፣ ክፍት ቦታ ሳይተዉ «ስታርታፕ» ብለው ይጻፉና «ኢንተር» ይምቱ። የሚከፈተው አቃፊ ያ ከላይ የጠቀስነው ቦታ ነው። ምልክቱን እዚያው «ፔስት» ያድርጉ፤ ሥራው አለቀ። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ፕሮግራሙ ሳይጠሩት ይነሣል። ሐሳብዎን ቢለውጡ ምልክቱን ከአቃፊው ማጥፋት ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ አይነካም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ መጻፊያ አለው፤ ኒያላ የተባለውም የፊደል ቅርጽ አብሮ መጥቷል። ዛሬ ከቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ አማርኛን የጨመረ ሰው የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ ረጅሙን የክፍት ቦታ ቁልፍ በመምታት ብቻ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይሻገራል፤ የሚነሣም የሚዘነጋም ፕሮግራም የለም። የፓወር ግዕዝን አመታት የለመደ እጅ ጥቂት ቀናት ቢቸገርም፣ ለቤተሰብ ኮምፒዩተር ይኸኛው ይሻላል ባይ ነኝ። በጥንቶቹ ፊደሎች የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ይሆናል፤ በዩኒኮድ የተጻፈው ግን በስልክም ላይ ይነበባል።

የአዛን ፕሮግራምና የተሳሳተ ሰዓት

በብዙ ቤተሰብ ኮምፒዩተር ላይ ከሚገኙት ሁሉ ከመነሻው አብሮ ሊነሣ የሚገባው ካለ፣ የሰላት ወቅት ሲደርስ አዛን የሚያሰማው ፕሮግራም ነው። ሰው ጠርቶ የሚያስነሣው አስታዋሽ እንዴት አስታዋሽ ይባላል? አብዛኞቹ እነዚህ ፕሮግራሞች ከኮምፒዩተሩ ጋር እንዲነሡ የሚያዝ ምርጫ በማስተካከያቸው ውስጥ አላቸው፤ እርሱን ምልክት ማድረግ ይበቃል። ከሌለ ከላይ የተገለጸው የስታርታፕ አቃፊ ያገለግላል።

ይሁንና ፕሮግራሙ ተነሣ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ ወቅቱን የሚያሰላው ከኮምፒዩተሩ ሰዓትና ከተሰጠው ከተማ ነው። በዊንዶውስ የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ የእኛ ሰዓት የሚገኘው ናይሮቢ በሚለው ላይ ነው፤ ሌላ ከተመረጠ አዛኑ በሰዓታት ሊዛነፍ ይችላል። ከዚህም በላይ የአሰላል ስልት ምርጫ አለ። የዓለም ሙስሊም ሊግ ስልት ፈጅርን ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስትሆን ያሰላል፤ የግብፁ ደግሞ 19.5 ዲግሪ ላይ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ አንዱ ዲግሪ አራት ደቂቃ ገደማ ነውና በሁለቱ መካከል ስድስት ደቂቃ ያህል ልዩነት ይፈጠራል። በረመዳን ሱሑር ለሚበላ ቤተሰብ ስድስት ደቂቃ ቀላል አይደለም። የትኛውን መከተል እንደሚገባ የሰፈሩን መስጊድ ጠይቆ ያንኑ መምረጥ ነው።

አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ያላቸው ደግሞ ሌላ ችግር ያጋጥማቸዋል። መብራት ሲጠፋ የኮምፒዩተሩን ሰዓት ጠብቆ የሚያቆየው በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለ የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ነው፤ ቁጥሩ 2032 ይባላል። ባትሪው ሲደክም ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ ብዙ ዓመታት በፊት ይመለሳል። የአዛኑ ፕሮግራም በታማኝነት ይነሣል፤ በታማኝነትም በተሳሳተ ሰዓት ይጣራል! ባትሪውን መለወጥ ትንሽ ወጪ ነው።

ጥቅል የሚበሉት ተቀማጮች

ብዙ ፕሮግራሞች ሲጫኑ ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ ወይም ሳናነብ ባለፍነው ገጽ ላይ ጠይቀው፣ ስማቸውን በመነሻ ዝርዝሩ ላይ ያሰፍራሉ። የስብሰባ ፕሮግራሞች፣ ፋይል ወደ ኢንተርኔት የሚያስቀምጡ፣ የጨዋታ ማውረጃዎች ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ልጆች ያሉበት ቤት ዝርዝሩ ቶሎ ይረዝማል። የማስታወሻ አቅሙ 4 ጊጋባይት የሆነ ኮምፒዩተር ላይ አሥር ያህሉ አንድ ላይ ሲነሡ ባለቤቱ «ኮምፒዩተሩ አረጀ» ብሎ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። ከስልክ በተጋራ ኢንተርኔት የሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ አባት ገና ምንም ሳይከፍት የተሞላው ጥቅል ሲያልቅ እርስ በርስ ይካሰሳል።

የሚረዳው እንዲህ ነው። «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። «ታስክ ማኔጀር» ሲከፈት «ስታርታፕ» የሚለውን ክፍል ይምረጡ። በዚያ የእያንዳንዱ ስም፣ ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉና መነሻውን ምን ያህል እንደሚያዘገይ ይታያል። የማያስፈልገውን መርጠው «ዲሴብል» ይበሉ፤ ይህ ማጥፋት አይደለምና በማንኛውም ጊዜ ይመለሳል። የጸረ ቫይረሱን፣ የድምፁንና የመዳፊት ሰሌዳውን ፕሮግራሞች አይንኩ። ሁለት ጸረ ቫይረስ ካገኙ ግን አንዱን ያስወጡ፤ ሁለቱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ኮምፒዩተሩ ይንገላታል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያሉ ይህንን ዝርዝር የሚያገኙት በዚያችው ትንሽ ሳጥን «ኤም ኤስ ኮንፊግ» ብለው በመጻፍ ነው፤ ይሁን እንጂ ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ከላሆር እስከ ሶፊያ

የመነሻውን ቦታ የቫይረስ ሠሪዎች ጥቅሙን ቀድመው ተረድተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን ላሆር ከተማ ባሲት እና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የሚባሉ ወንድማማቾች «ብሬን» የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። ዓላማቸው የሠሩት የሕክምና ሶፍትዌር ያለ ፈቃድ እንዳይቀዳ ለመከላከል እንደነበር ተናግረዋል። ብሬን የተቀመጠው በፍሎፒ ዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከሁሉ በፊት በሚያነበው ቦታ ላይ ነበር። ወንድማማቾቹ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልካቸውን ሳይቀር በውስጡ ጽፈውበታል፤ ፍሎፒውም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ባሕር ማዶ ተሻገረ። ለአይ ቢ ኤም ዓይነት ኮምፒዩተሮች የመጀመሪያው ቫይረስ ተብሎ የሚታወቀው ይኸው ነው።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ኤምባሲዋ በዚህ በመኖሩ ነውና የቡልጋሪያን ነገርም ሳናነሣ አናልፍም። በሶሻሊስቱ ጎራ ከኮምፒዩተር ሥራ ትልቅ ድርሻ የተሰጠው ለቡልጋሪያ ነበር፤ ፕራቬትስ የተባሉት ኮምፒዩተሮቿ የታወቁ ነበሩ። ወጣቶቿ ሙያውን በብዛት ተማሩ፤ ሙያቸውን የሚሸጡበት ገበያ ግን ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዋና ከተማዋ ከሶፊያ «ዳርክ አቬንጀር» በሚል ስም የታወቀው ቫይረስ ወጣ። ይህኛው እንደ ብሬን የዋህ አልነበረም፤ የተበከለ ፕሮግራም በተነሣ በየአሥራ ስድስተኛው ጊዜ ከዲስኩ ላይ አንዲት ክፍል ይደመስስ ነበር። ጥፋቱ ቀስ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ ባለቤቱ ሲነቃ የመጠባበቂያ ቅጂዎቹም ተበክለው ይገኙ ነበር።

ወደ ዛሬው ስንመጣ መደበቂያው ተራቅቋል። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን «ፍላሽ ፕሌየርዎን ያድሱ» በሚል ሽፋን የስለላ ፕሮግራም ይላክባቸው እንደነበር አመልክቷል። ፍላሽ ፕሌየር ከፍላሽ ዲስክ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ቆሟል። ስለዚህ ዛሬ እርሱን አድሱ የሚል መልእክት ቢመጣ ያለ ጥርጥር ሐሰት ነው።

ፍላሹ ባዶ ሲመስል

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 የተነሣው ኮንፊከር ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ዲስክ ነበር፤ ፍላሹ ሲሰካ በራሱ የሚነሣውን «ኦቶራን» የተባለ አሠራር ይጠቀም ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ይህንን አሠራር ለፍላሽ በቆዩት ዊንዶውሶች ላይም ዘጋው። ቫይረሶቹ ግን ሌላ በር አገኙ። የፍላሹን ፋይሎች ይደብቁና በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለበት አሳሳች ምልክት ያስቀምጣሉ። ባለቤቱ ፋይሌ ነው ብሎ ሲጫነው ቫይረሱ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባል፤ ስሙንም በመነሻው ዝርዝር ያሰፍራል። ከዚያ በኋላ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይበከላል። በቀን ሃምሳ ፍላሽ የሚሰካበት የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ምን እንደሚያሰራጭ መገመት አያዳግትም።

የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ለማሳተም የመጣ ተማሪ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ይደነግጣል። ከአጠገቡ ያለው ሰው «ፎርማት አድርገው» ይለዋል። በፍጹም አይደረግ! በቅድሚያ የፍላሹን ምልክት በቀኝ አዝራር ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ» በሚለው ውስጥ የተያዘው ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ማየት ነው። ቦታው የተያዘ ከሆነ ጽሑፉ አለ፤ የተደበቀ ነው እንጂ አልጠፋም።

ቀስት ያለባቸውን ምልክቶች ሳይነኩ፣ ንጹሕ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ የአቃፊዎች ማስተካከያ ይከፈታል፤ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ይታዘዛል፤ የሥርዓቱን ፋይሎች ደብቅ ከሚለው ላይም ምልክቱ ይነሣል። ያኔ አቃፊዎቹ ፈዘዝ ብለው ይታያሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ስም በሌለው አቃፊ ውስጥ ተጠቃልለው ይገኛሉ። ከእነርሱ የዎርድ፣ የፒዲኤፍና የፎቶ ፋይሎችን ብቻ ወደ ኮምፒዩተሩ መገልበጥ ነው። መጨረሻቸው «ኢኤክስኢ»፣ «ቪቢኤስ» ወይም «ጄኤስ» የሆኑትን መተው ይገባል። ፍላሹ ፎርማት የሚደረገው ይህ ሁሉ ከተፈጸመና የተገለበጠው ጽሑፍ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው።

የቀረው የተበከለው የቤት ኮምፒዩተር ነው። የስታርታፕ አቃፊውንና የታስክ ማኔጀሩን ዝርዝር ከፍተው፣ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ስም ያለውን ይፈልጉ። አጥፍተውት ተመልሶ ከመጣ ቫይረሱ ነቅቶ ይጠብቃል ማለት ነው። ለዚህ ዊንዶውስ 10 እና 11 «ኦፍላይን ስካን» የሚባል ፍተሻ አላቸው፤ በ«ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ በቫይረስ መከላከያው የፍተሻ ምርጫዎች ሥር ይገኛል። የጀመሩትን ሥራ አስቀምጠው እርሱን ሲያዝዙ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ይከፈታል፤ ፍተሻውም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት፣ ቫይረሱ ገና ተኝቶ ሳለ ይካሄዳል። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በዚህ መካከል መብራት እንዳይቋረጥ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ መጀመር ይበጃል።