ሙያ በልብ ነው ወይስ በአደባባይ?

«ሙያ በልብ ነው» የሚለውን አነጋገር ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ዐዋቂ ሰው ዕውቀቱን በልቡ ይይዛል እንጂ አደባባይ ወጥቶ አይለፍፍም ማለት ነው። በዚህ ዘመን በቴሌቪዥን የምናየው ነገር ግን አነጋገሩን የገለበጠው ይመስላል። ስማቸው የታወቀ የወጥ ቤት ሊቃውንት ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ ቢላዋቸውን ስለው፣ በሰዓት እየተቈጠረባቸው ሽንኩርት ሲከትፉ ብዙ ሕዝብ ይመለከታቸዋል። ዳኞችም እየቀመሱ አንዱን ያመሰግናሉ፤ ሌላውን ያሰናብታሉ።

ነገሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ጄምስ ቢርድ የተባለው ሰው በአሜሪካ ቴሌቪዥን የምግብ አሠራር ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ያን ጊዜ ዝግጅቱ ትምህርት ነበር። የጃፓኑ «አይረን ሼፍ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጀመር ወጥ ቤቱ የግጥሚያ ሜዳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በአሜሪካ «ቶፕ ሼፍ ማስተርስ» የተባለው ውድድር ተከፈተ። ወደዚህ ውድድር ይገቡ የነበሩት አስቀድመው ዝና ያተረፉ ሊቃውንት ሲሆኑ፣ ያሸነፉትም ገንዘብ ለመረጡት የበጎ አድራጎት ሥራ ይሰጥ ነበር።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው ሁለተኛው ዙር አንደኛ የወጣው ሰው ሲወለድ ስሙ ካሳሁን ጽጌ ነበር ብላችሁስ?

ይህ ሰው ዛሬ ማርከስ ሳሙኤልሰን ተብሎ ይታወቃል። ገና ሕፃን ሳለ የሳንባ ነቀርሳ ቤታቸው ገባ። እናቱ እርሱንና እኅቱን ይዛ ረዥም መንገድ በእግርዋ ተጕዛ አዲስ አበባ ሆስፒታል ደረሰች። ልጆቹ ዳኑ፤ እርስዋ ግን አረፈች። ሁለቱን ልጆች የስዊድን ባልና ሚስት ወስደው በጎተንበርግ ከተማ አሳደጓቸው። የወጥ ቤትን ፍቅር ያሳደረችበትም ስዊድናዊት አያቱ ሄልጋ ናት። ኋላ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ «አኳቪት» በተባለው ምግብ ቤት ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሦስት ኮከብ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረጉትን የመንግሥት ግብዣ ምግብም ያዘጋጀው እርሱ ነው።

በውድድሩ ፍጻሜ ከሱሰር ሊና ከሪክ ሙነን ጋር ቀረበ። የተሰጣቸው ፈተና ሦስት ነበር። አንደኛው፣ ከምግብ ሁሉ አስቀድሞ የምታስታውሰውን ሥራ፤ ሁለተኛው፣ ወጥ ቤት እንድትሆን ያስቈረጠህን ሥራ፤ ሦስተኛው፣ አንተ ማን እንደ ሆንህ የሚናገር ምግብ ሥራ የሚል ነበር። ማርከስ አሸነፈ። ገንዘቡም በዩኒሴፍ በኩል ለሕፃናት ንጹሕ ውሃ ማግኛ ዋለ።

ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የወላጅ እናቱን ፎቶግራፍ እንኳ አይቶ እንደማያውቅ ይነግረናል። መልኳን አያውቀውም፤ ስለዚህ የሚያስባት በበርበሬ ነው። በሺሕ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ያደገ ልጅ ከእናቱ የቀረው ርስት በአንዲት ጣሳ የሚያዝ በርበሬ መሆኑን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ አሰብሁ።

አሳቤም እዚሁ ከማስተምርበት ከጎንደር ላይ ወደቀ። ፋሲል ግቢ የገባ ሁሉ የዐፄ በካፋን የግብር አዳራሽ ያያል። የንጉሡን ስም ሁላችንም እናውቃለን። እንጀራውን የጋገሩትን፣ ወጡን የሠሩትንና ጠጁን የጣሉትን ሴቶች ግን ማን ያውቃቸዋል? ከስሜን መኳንንት ወገን የሆኑት እቴጌ ጣይቱ ብጡል እ.ኤ.አ. በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያደረጉት ግብር በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ሊቅ ያን ግብር ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ለምንለው ማዕድ እንደ መሠረት ይቈጥሩታል። እቴጌይቱ ስማቸው የቀረው እቴጌ በመሆናቸው ነው፤ በጭሱ ውስጥ የቆሙት ግን ያለ ስም ቀሩ።

በየቤታችንም ቢሆን ውድድር ጠፍቶ አያውቅም። አዲሲቱ ሙሽራ ዶሮውን ዐሥራ ሁለት ብልት አድርጋ ማውጣትዋን የምትቈጥር አማት፣ ከየትኛውም የቴሌቪዥን ዳኛ የባሰች ዳኛ ነበረች። ቋንቋችንን ራሱን ተመልከቱት። ወንድን «ባለሙያ» ስንለው ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ያውቃል ማለታችን ነው። ሴትን «ባለሙያ» ስንላት ግን ወጥ ይጣፍጥላታል ማለታችን ነው፤ ለዚህኛው ሙያ ደመወዝም ዲፕሎማም የለውም።

እኔም ይህን የተማርሁት በጭንቅ ነው። መጀመሪያ የተመደብሁት ደባርቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ብርዱ ቢያስመርረኝ ትኩስ ወጥ ልሥራ ብዬ ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬውን ዘረገፍሁበት። ግቢው በሙሉ አስነጠሰ። አከራዬ እየሣቁ መጥተው «ልጄ፣ ቤቱን ልታቃጥለው ነው? አቍላላው እንጂ!» አሉኝ። ደብተሬን አውጥቼ «እማማ፣ በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው?» ብላቸው «ማንኪያ ምን ያውቃል? ዐይንህ ይንገርህ!» ብለው መለሱልኝ። ለፋሲካ ዶሮ ሲሠሩ ግን አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸው የሚያነሣውን ሁሉ ወደ ድስቱ ከመግባቱ በፊት በሲኒ እየለካሁ ጻፍሁት። ለአንዲት ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፤ ቅቤና በርበሬ ሳይነካው ከአንድ ሰዓት በላይ ቍሌት፤ ሥጋው በሎሚና በጨው ደጋግሞ እስኪነጣ እጥበት። ያ ወረቀት ዛሬም ከትምህርት ማስረጃዬ ጋር ተቀምጧል።

በቅርቡ የማርከስን ታሪክ ለተማሪዎቼ አጫውቼ «ከወንዶቹ ወጥ መሥራት የሚችል እጁን ያውጣ» አልሁ። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ፤ አንድም እጅ አልተነሣም። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ። ከወገራና ከጃን አሞራ መጥተው ቤት የተከራዩት፣ ሽሮና በርበሬ፣ በሶና ድርቆሽ ከአገራቸው በስንቅ የሚቀበሉት ልጆች ማታ ማታ ምድጃ ሥር የሚጐነበሱ ናቸው። ይሠራሉ፤ ነገር ግን «ማጀት ገብ» እንዳይባሉ ያፍራሉ። ደወል ተደውሎ ክፍሉ ባዶ ሲሆን አንዱ ወደ ኋላ ቀረና ወደ በሩ እየተመለከተ «መምህር፣ የእኔ ሽሮ ከእኅቴ ይበልጣል» አለኝ።

ይህ ልጅ ምን ያሳፍረዋል? ደግሞስ እኅቱ የቤቱን ሥራ ብቻዋን ተሸክማ ስታመሽ፣ የትምህርት ጊዜዋን ማን ይመልስላታል? ወንድሟ ድስቱን ቢጋራት እርስዋም መጽሐፏን ለመግለጥ ጊዜ ታገኛለች።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በአንዲት ክፍል ተከራይታችሁ የምትኖሩ ተማሪዎችና ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ፣ ምክሬ አጭር ነው። በልብ ብቻ የኖረ ሙያ ከባለቤቱ ጋር መቃብር ይወርዳል። ለመጪው በዓል ወደ ቤተ ሰቦቻችሁ ስትሄዱ እርሳስና ደብተር ያዙ። ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ አጠገብ ተቀመጡና ለኩ፣ ጠይቁ፣ ጻፉ፤ በድስቱም ላይ እጃችሁን አስገቡ። ማርከስን የጠየቁትን ሦስት ጥያቄ እናንተም ለራሳችሁ ጠይቁ። እርሱ መልሱን ያገኘው የእናቱን መልክ እንኳ ሳያውቅ ነው። እናንተ ግን እናታችሁ በሕይወት ካለች፣ ጠይቃችሁ ልትሰሟት ትችላላችሁ።