ያገለገለ የመስክ መኪና ሞተርና ካምቢዮ አመራረጥ

በገበያ ቀን መራዊ ከተማ አውራ ጎዳና ዳር ቆማችሁ ብትመለከቱ፣ ከሚያልፉት መኪኖች መካከል ከእናንተ ዕድሜ የሚበልጡ ብዙ ታያላችሁ። ቀለማቸው ቢለቅም፣ ወንበራቸው ቢቀዳደድም፣ ሰውና ጭነት ይዘው ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ይጓዛሉ። በተለይ ላንድክሩዘር የተባለው የመስክ መኪና በገጠራችን መንገድ ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል ኖሯል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለሆነም ቀደም ሲል ወደ አገር የገባው መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መኖሩ የግድ ሆነ።

ይህ ነገር ተማሪ የሆናችሁትን እናንተን ምን ያገባችኋል? እጅግ ያገባችኋል። አንድ ቤተሰብ ከበቆሎ፣ ከበርበሬ ወይም ከድንች ሽያጭ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ቀን ለአንድ አሮጌ መኪና ሊከፍል ይችላል። ሞተሩ በሦስተኛው ወር ቢፈርስ፣ የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በተስፋ የታለመው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በግዢው ቀን ደግሞ ሊብሬውን አንብቦ፣ ቁጥሩን አመሳክሮ፣ የመካኒኩን ቃል አስተውሎ ለወላጆቹ ሊያስረዳ የሚችለው ብዙ ጊዜ የተማረው ልጅ ነው።

አሮጌ መኪና ሲመረጥ ዋናው ነገር መልኩ ወይም ፍጥነቱ ሳይሆን ለሚሄድበት መንገድ ተስማሚ መሆኑ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። መኪናው የት ይሄዳል? ምን ይሸከማል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? ሞተሩም ሆነ ካምቢዮው የሚመረጠው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩን እንመልከት። የመስክ መኪኖች ሞተር በሚጠቀመው ነዳጅ በሁለት ይከፈላል፤ ይኸውም የቤንዚንና የናፍጣ ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ አየርና ቤንዚን ተደባልቀው ከታመቁ በኋላ ካንዴላ በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይቀጣጠላሉ። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ግን ካንዴላ የለም። አየሩ ብቻውን በኃይል ስለሚታመቅ እጅግ ይግላል፤ በዚያ ግለት ላይ ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ለምሳሌ ያህል ዋን ኤች ዜድ በመባል የሚታወቀው የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ያምቀዋል፤ የብዙዎቹ የቆዩ ቤንዚን ሞተሮች እመቃ ግን ከ8 እስከ 10 እጥፍ ያህል ነው።

ከዚህ ልዩነት የሚመጣ ጥቅምና ጉዳት አለ። የናፍጣ ሞተር ይህን ከፍተኛ እመቃ እንዲችል ተደርጎ በጠንካራ ብረት ስለሚሠራ ከባድ ነው፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ብርቱ ጉልበቱን የሚሰጠው በዝቅተኛ ዙር ስለሆነ፣ ጭነት ይዞ ጭቃና ዳገት ለመውጣት ይመቻል። ለተመሳሳይ ሥራም ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ነዳጅ ይፈጃል። በአንጻሩ የናፍጣው ፖምፓና ኖዝሎች ቢበላሹ ጥገናቸው ውድ ነው። የቤንዚን ሞተር ደግሞ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ በጠዋት ብርድም በቀላሉ ይነሳል፤ በደልዳላ መንገድ ላይ ይፈጥናል። ነገር ግን 4.5 ሊትር የሆነ ትልቅ የቤንዚን ሞተር ያለውን የመስክ መኪና የገዛ ሰው ከግዢው ዋጋ ይልቅ የነዳጁ ወጪ ሊያስጨንቀው ይችላል።

በአገራችን ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። መራዊ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዳንግላ በኩል ወደ እንጅባራ የሚጓዝ ሰው ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳም ሞተር የሚተነፍሰው ያንሰዋል። በግምት ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ያጣል። እንግዲህ በባሕር ዳርቻ አገር ብርቱ የነበረ መኪና በመራዊ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱ ይጎድላል ማለት ነው። ቱርቦ ይህን ጉድለት ያቃልላል፤ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ውስጥ ይገፋልና። ይሁን እንጂ ቱርቦ ንጹሕ ዘይት በወቅቱ ካላገኘ ቶሎ ይጎዳል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ ሜጫ ገጠር የምትዘልቁ ከሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ ቀዩ አፈር ምን ያህል እንደሚጨቀይ ታውቃላችሁ። በዚያ ለሚሠራ መኪና ቀላል አሠራር ያለው የናፍጣ ሞተር ይመረጣል። ከላይ የጠቀስነው ዋን ኤች ዜድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ የተሠራ፣ 4.2 ሊትር የሆነ፣ ስድስት ፒስቶን ያለው ሞተር ሲሆን፣ ቱርቦም ሆነ ውስብስብ ኮምፒውተር የለውም። ፈጣን አይደለም፤ ትዕግሥተኛ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ የተሠሩ ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ግን ነዳጁን በኮምፒውተር እየለኩ በከፍተኛ ግፊት ይረጫሉ። በዚህም ጉልበታቸው ጨምሯል፤ ጭሳቸውም ቀንሷል። ነገር ግን ውኃ ወይም አቧራ የገባበት ናፍጣ ይጎዳቸዋል። ነዳጅ በጀሪካን ተቀድቶ በሚሸጥበት ሰፈር ይህ ትልቅ ሥጋት ነው።

ከሞተሩ ቀጥሎ ካምቢዮ ይመረጣል። ካምቢዮ ማለት የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፍ፣ ጥርስ ያላቸው ማርሾች የተደረደሩበት ሳጥን ነው። እርሱም በእጅ የሚቀየርና አውቶማቲክ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። በእጅ በሚቀየረው አሽከርካሪው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ራሱ ያስገባል። አውቶማቲኩ ግን በዘይት ግፊት እየታገዘ ማርሹን በራሱ ይቀይራል።

የካምቢዮን ጥቅም በሚገባ ለመረዳት የዓባይን በረሃ አስቡ። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ያቆለቁላል። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ አሽከርካሪ ፍሬኑን ያግለዋል፤ እጅግ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይተዋል። ብልህ አሽከርካሪ ግን ገና ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከባድ ማርሽ፣ ማለትም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ያስገባል። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ይህን ሥልጣን ሙሉ በሙሉ ለአሽከርካሪው ይሰጣል። አውቶማቲክ ካምቢዮም ዝቅተኛ ማርሽ የሚያዝበት ምልክት አለው፤ ሆኖም ብዙ ነጂዎች ማንሻውን «ዲ» ላይ ትተው ስለሚወርዱ አይጠቀሙበትም። ጥፋቱ የአለማወቅ እንጂ የካምቢዮው አይደለም።

በእጅ የሚቀየረው ካምቢዮ ሌላም ጥቅም አለው። ባትሪ ቢደክም ወይም ሞተሪኖ ቢበላሽ መኪናው ተገፍቶ ሊነሳ ይችላል። ፍሪሲዮን ቢያልቅም የሚቀይረው መካኒክ በትንንሽ ከተሞች አይጠፋም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና ግን ልዩ ዕውቀትና መሣሪያ ይጠይቃል። በሌለበት ሥፍራ እርሱን መፈለግ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይሆናል። ቢሆንም ኑሮው በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ የሆነ፣ በየመስቀለኛው መንገድ እየቆመ የሚነዳ ሰው አውቶማቲክ ቢመርጥ አልተሳሳተም። እግሩ ያርፋል፤ ጋራዡም ቅርብ ነው። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበጅም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ የተሻለ ዓይነት መምረጥ ብቻውን አይበቃም። በስሙ የታወቀ ሞተር የታመመ ከሆነ፣ ስም ከሌለው ጤነኛ ሞተር ያነሰ ዋጋ አለው። ስለዚህ መኪናውን በምትመረምሩበት ጊዜ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ያዙ።

በመጀመሪያ መኪናው ሳይነሳ ኮፋኖውን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከተገኘ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል፤ ምናልባት በብርድ አልነሳ የሚል ሞተር ይሆናልና ቀዝቅዞ እንዲነሳ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ዘይቱን በመለኪያው አውጥታችሁ እዩ። ቡና በወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ዘይት ከተንሳፈፈበት ከቴስታታው ላይ ችግር አለ። የጋለ ራዲያተር መክፈት ፊትን ያቃጥላልና ተጠንቀቁ። አራተኛ፣ ጭሱን አስተውሉ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በደጋ ዳገት ሲወጣ ጥቂት ቢያጠቁር ግን አያስደነግጥም። የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ ውኃ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ካምቢዮውን ፈትኑ። መኪናውን በእጅ ፍሬን አጥብቃችሁ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል፤ መዞሩን ከቀጠለ አልቋል ማለት ነው። አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮውን ዘይት አሽትቱ፤ የጠቆረና የተቃጠለ የሚሸት ዘይት የጉዳት ምልክት ነው። አራቱንም ጎማዎች የሚያሽከረክረውን ማርሽ በልል አፈር ላይ ማስገባትም አትርሱ። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ማርሽ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል።

በመጨረሻ ወረቀቱን ከብረቱ ጋር አመሳክሩ። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮች በመኪናው ላይ ከተመቱት ጋር አንድ መሆን አለባቸው። በአሮጌ መኪና ላይ የሞተር መቀየር የተለመደ ነው፤ ለውጡ ካልተመዘገበ ግን ገዢው ስም ሲያዛውር ይቸገራል። ክፍያውም ከዚህ ሁሉ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን።

እንግዲህ ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፤ ቶሎ ወስኑ» ቢል፣ አባቶቻችን «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ያሉትን አስታውሱ። ከመንገዱ ጋር የሚስማማ ሞተር፣ ከቁልቁለቱ ጋር የሚስማማ ካምቢዮ፣ በቅርብ የሚገኝ መካኒክ፤ እነዚህ ሦስቱ የተገናኙለት አሮጌ መኪና ባለቤቱን ገና ብዙ ዓመት ያገለግለዋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን መኪናው ሸክም ተሸካሚ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ሸክም ይሆናል።