ከውጭ የመጣው የሕፃን መቀመጫ ከመኪናዎ ጋር ይስማማል?

ክረምት ገብቶ በውጭ አገር ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እንዲሁም ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ፣ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ዘመዶችን የሚቀበሉ ቤተሰቦች ይበዛሉ። በመሪ፣ በሲኤምሲና በአያት አካባቢ ባሉ መንደሮች ይህ የተለመደ ነው። ከእንግዶቹ ሻንጣዎች መካከል አንድ የሕፃን የመኪና መቀመጫ፣ ብዙዎች ካር ሲት የሚሉት፣ አይጠፋም። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቤት በሚደረገው ጉዞ ግን መቀመጫው ከሻንጣዎቹ ጋር ከኋላ ይጫናል፤ ሕፃኑ በእናቱ ወይም በአያቱ ጭን ላይ ይቀመጣል።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው። «መንገዱ ቅርብ ነው»፣ «እዚህ የሚጠይቅ የለም» እና «ከመኪናው ጋር አልገጥም አለ» የሚሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሕፃኑን ከአደጋ አያድኑትም። ሦስተኛው ግን እውነትነት ስላለው መፍትሔውን ማወቅ ይገባል።

ከመገናኛ በሲኤምሲ አድርጎ መሪንና አያትን የሚያገናኘው መንገድ ሰፊ ነው። መጨናነቁ ቀለል ሲል መኪኖች ፍጥነት ይጨምራሉ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ሲጋጭ ያልታሰረ ሰው የሚገጥመው ምት ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ማለትም ከኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመውደቅ ጋር ይመሳሰላል። መኪናው ግማሽ ሜትር ያህል ተጨማድዶ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት 200 ኪሎ ያህል ይከብዳል። ይህን ክብደት በእጁ አቅፎ ማስቀረት የሚችል ሰው የለም። ልጁን አዝሎ መቀመጥም ሆነ አንድ ቀበቶ ከልጁ ጋር መጋራት የባሰ ነው፤ የትልቁ ሰው ክብደት ሕፃኑን ይጨፈልቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ የትራፊክ አደጋ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ነው። የሕፃን መቀመጫን መጠቀም ደግሞ በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ሞት 71 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ድርጅቱ ይገልጻል።

መስፈርቶቹ በምን ይለያያሉ?

በአሜሪካ የሚሸጡ መቀመጫዎች የአገሪቱን የፌዴራል የተሽከርካሪ ደህንነት መስፈርት እንደሚያሟሉ የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፎባቸዋል። የአውሮፓዎቹ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደልና ቁጥር ያለበት ምልክት ይይዛሉ። ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ያመለክታል፤ ለምሳሌ 1 ጀርመንን፣ 4 ኔዘርላንድን። ካናዳ፣ አውስትራሊያና ቻይናም የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። የአንዱ አገር መቀመጫ ለሌላው አገር ሕግ ላይበቃ ይችላል። በአውሮፓ የተገዛ መቀመጫ በአሜሪካ፣ የአሜሪካው ደግሞ በእንግሊዝ ወይም በካናዳ ሕጋዊ አይደለም። ስለዚህ በዲቪ፣ በትምህርት ወይም በሥራ ምክንያት ሕፃን ይዘው ወደ ውጭ የሚሄዱ ከሆነ እዚህ ያለዎትን መቀመጫ ከመጫንዎ በፊት ምልክቱን ይመልከቱ። የሚሄዱበትን አገር መስፈርት ካላሟላ የሚቀበልዎ ዘመድ እዚያው የተሠራ መቀመጫ ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲጠብቅዎ ያድርጉ።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ግን ዋናው ጥያቄ መቀመጫው ከሚሳፈሩበት መኪና ጋር ይስማማል ወይ የሚለው ነው። አራት ነገሮችን ይፈትሹ።

አንደኛ፣ የቀበቶው አቆላለፍ። በአሜሪካ መኪኖች የኋላው ቀበቶ ተስቦ ሲቆለፍ ዳግመኛ አይላላም። ብዙዎቹ የአሜሪካ መቀመጫዎች የሚተማመኑትም በዚህ ነው። ለሌላ ገበያ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ግን ቀበቶው የሚይዘው ድንገት ሲሳብ ብቻ ነው። መቀመጫው መጀመሪያ ጠበቅ ብሎ ቢታሰርም በመታጠፊያዎች ላይ እየላላ ይሄዳል። መቀመጫው ቀበቶውን የሚቆነጥጥ የራሱ መያዣ ካለው በእርሱ ይጠቀሙ። ከሌለው ለዚሁ ተብላ የተሠራች ትንሽ የብረት መቆንጠጫ አለች፤ እንግዶችዎ ሲመጡ ይዘው እንዲመጡ ይንገሯቸው፤ አጠቃቀሟንም ከመቀመጫው መመሪያ ያንብቡ።

ሁለተኛ፣ የቀበቶው ዓይነት። ብዙ የአውሮፓ መቀመጫዎች በወገብም በትከሻም የሚያልፍ ቀበቶ ይፈልጋሉ። በቆዩ መኪኖች የኋላ ወንበር ላይ፣ በተለይም መሐል ላይ፣ የሚገኘው የወገብ ቀበቶ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከፍ ላሉ ልጆች የሚያገለግለው ማስቀመጫም ያለ ትከሻ ቀበቶ አይሠራም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ሕፃናት መቀመጫዎች ግን በወገብ ቀበቶ ብቻ ሊታሰሩ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ የብረት ማያያዣው። በአውሮፓ አይሶፊክስ፣ በአሜሪካ ላች የሚባለው ማያያዣ የሚታሰረው በወንበሩ መደገፊያና መቀመጫ መካከል ባሉ ሁለት የብረት ዘንጎች ላይ ነው። መኪናዎ እንዳለው ለማወቅ ጣትዎን በዚያ ክፍተት አስገብተው ይዳስሱ። ከሌለው አይጨነቁ፤ አብዛኞቹ መቀመጫዎች በቀበቶም ይታሰራሉ። በሁለቱም በአንድ ጊዜ ማሰር ግን የመቀመጫው መመሪያ ካልፈቀደ አይገባም። የአውስትራሊያ መቀመጫዎች ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ ከላይ ወደ ኋላ የሚታሰር ጠፍር ይፈልጋሉ፤ ማሰሪያው በሌለበት መኪና በትክክል ሊገጠሙ አይችሉም።

አራተኛ፣ መለኪያው። የአሜሪካ መቀመጫ የሚናገረው በፓውንድና በኢንች ነው። «40» የሚለውን አይተው ኪሎ ከመሰለዎት ተሳስተዋል፤ 40 ፓውንድ 18 ኪሎ ያህል ብቻ ነው።

መቀመጫውን ካሰሩ በኋላ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ይነቅንቁት። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ያጥብቁት።

በየትም አገር የማይለወጡት

ሕፃኑ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ መቀመጥ አለበት። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ፣ አንገቱም ገና ያልጠና ስለሆነ በግጭት ጊዜ መደገፊያው ጀርባውን፣ አንገቱንና ጭንቅላቱን በአንድነት ይይዝለታል። አዲሱ የአውሮፓ መስፈርት ቢያንስ እስከ 15 ወር ይህን ያስገድዳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ መቀመጫው የሚፈቅደው ክብደትና ቁመት እስኪሞላ ድረስ እንዲቀጥል ይመክራል።

ወደ ኋላ የዞረ መቀመጫ ኤርባጉ ባልጠፋ የፊት ወንበር ላይ በፍጹም አይደረግም። ኤርባጉ ሲፈነዳ መቀመጫውን ከነሕፃኑ ይመታዋል።

የትከሻው ማሰሪያ በሁለት ጣት ሲቆነጠጥ የሚታጠፍ ትርፍ ሊኖረው አይገባም። በክረምቱ ብርድ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ማሰር የተለመደ ነው። ነገር ግን ጋቢው በግጭት ጊዜ ይታመቅና ማሰሪያው ይላላል። መጀመሪያ ይሰሩት፤ ጋቢውን ከላይ ያልብሱት።

በአሜሪካ መቀመጫ ላይ ያለችው የደረት ማያያዣ በብብት ትክክል ትሁን። በአውሮፓው ላይ ባይኖር ጎድሎ አይደለም፤ ከሌላ ገዝተው አይጨምሩበት።

ዘመድ ትቶልዎት የሄደውን መቀመጫ ከመጠቀምዎ በፊት አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ይጠይቁ። የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውንም ከሥሩ ወይም ከጀርባው ያንብቡ።

ታክሲ ሲጠሩ

በስልክ መኪና ሲጠሩ ሾፌሩን አስቀድመው «የኋላው ቀበቶ ይሠራል?» ብለው ይጠይቁት። በብዙ መኪኖች ቀበቶው እያለ መቆለፊያው በወንበር ልብስ ሥር ተቀብሮ ይገኛል። ልብሱን ገለጥ አድርጎ ማውጣት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የሚቀበል ዘመድ ካለም መኪናውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ይህን ቤቱ ሆኖ ይጨርስ፤ ከረጅም በረራ በኋላ፣ በለቅሶና በሻንጣ መካከል፣ መቆለፊያ መፈለግ አስቸጋሪ ነው።

መቀመጫ ጨርሶ ከሌለ ልጁ ከኋላ ይቀመጥ። ቀበቶው በአንገቱና በሆዱ ላይ ሳይሆን በትከሻውና በዳሌው ላይ የሚያልፍለት ከሆነ ለብቻው ይታሰር። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል እንዲቆም አይፍቀዱለት። ለጨቅላ ሕፃን ግን ተተኪ የለውም፤ የሚቻል ከሆነ መቀመጫው እስኪገኝ ጉዞውን ማዘግየት ይመረጣል።

አያት የልጅ ልጃቸውን ለማቀፍ ቢቸኩሉ አይፈረድባቸውም፤ ወራትና ዓመታት ጠብቀዋል። «እማማ፣ ቤት እስክንገባ ብቻ ይታገሱን» ብሎ በአክብሮት ማስረዳት ግን የልጁ ወላጆች ድርሻ ነው።