ድምፁ ለሁለት ስለሚከፈል ቤዝ ጊታርና ስለ ቅድመ ማጉያው

በ1951 እ.ኤ.አ. ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ «ፕሪሲዥን» የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ባወጣ ጊዜ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ኮንትራባስ ተሸክሞ ከከተማ ከተማ ይንከራተት ለነበረው ሙዚቀኛ ታላቅ ዕረፍት ሆነለት፤ ዳሩ ግን ሸክሙ ከትከሻው ወርዶ ወደ ማጉያውና ወደ ስፒከሩ ተዛወረ።

ምክንያቱን ለመረዳት የድምፁን ባሕርይ መመርመር ያስፈልጋል። ባለ አራት ክር የሆነው ቤዝ ወፍራሙ ክሩ ሳይጫን ሲመታ በአንድ ካልኢት 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህ መሠረቱ ሲሆን፣ የዚሁ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ የሆኑ ቀጫጭን ንዝረቶች በላዩ ተደርበው በአንድነት ይሰማሉ፤ ጆሮም የድምፁን ጠባይ ለይቶ የሚያውቀው ይበልጡን በእነዚህ በተደረቡት ነው። በገና ሲደረደር ወፍራም ድምፁ ያን ያህል ጎልቶ የሚሰማው፣ በርኩማው ላይ ከጅማቱ ሥር የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ የላይኛዎቹን ንዝረቶች ስለምታበዛለት ነው። ቤዝ ጊታር ግን እንዲህ ያለ ረዳት ስለሌለው ተስፋውን ሁሉ በማጉያው ላይ ይጥላል።

ማጉያው አንድ ብቻ የሆነ እንደሆነ ወፍራሙ ድምፅ ከኃይሉ የሚበዛውን እጅ ይወስዳል፤ ማጉያውም ከችሎታው ወሰን ሲደርስ የወፍራሙ ማዕበል ጫፍ ይቆረጣል፣ በማዕበሉ ላይ ተሳፍሮ የነበረው ቀጭን ድምፅም አብሮት ስለሚበላሽ አድማጩ የጣቱን አነካክ መለየት ያቅተዋል። አምፔግ የተባለው ፋብሪካ በ1969 እ.ኤ.አ. ለዚህ የሰጠው መልስ ጉልበት ነበረ፤ ይኸውም 300 ዋት ያለው፣ ባለ 10 ኢንች ስፒከሮችን ስምንት ስምንት አድርገው ከያዙ ሣጥኖች ጋር የሚሠራው ባለ ቫልቭ ማጉያ «ኤስ ቪ ቲ» ነው። ሁለተኛው መልስ፣ ሙዚቀኞች ባይአምፕ የሚሉት፣ ድምፁን መክፈል ነው፤ ክሮስኦቨር የተባለው መሣሪያ ከተወሰነ ንዝረት በታች ያለውን ለአንድ ማጉያና ለ15 ወይም ለ18 ኢንች ስፒከር፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለሌላ ማጉያና ለአነስተኛ ስፒከሮች ያደርሳል። ጋሊየን ክሩገር የተባለው ፋብሪካ «800 አር ቢ» በተባለው ሥራው ሁለቱን ማጉያዎች በአንድ ሣጥን ሲያኖር ለወፍራሙ 300፣ ለቀጭኑ 100 ዋት መመደቡ፣ የኃይሉ ዕዳ በማን ላይ እንደሚወድቅ በግልጽ ያሳያል።

የቅድመ ማጉያው፣ ማለትም በተለምዶ ፕሪአምፕ የሚባለው ዕቃ ምርጫ የሚመጣው እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው። ከጊታሩ የሚወጣው ሲግናል በአብዛኛው ከአንድ ቮልት በታች ሲሆን፣ ስፒከሩን የሚነዳው ዋና ማጉያ፣ ማለትም ፓወር አምፑ፣ ሙሉ ጉልበቱን ለመስጠት አንድ ቮልት ያህል ወይም ጥቂት የሚበልጥ ይጠይቃል፤ በእግር ከሚረገጡት የፕሪአምፕ ፔዳሎች መካከል ብዙዎቹ ግን የሌላ ማጉያ መግቢያን እንዲመግቡ የተሠሩ ስለሆኑ ይህን አያደርሱም፤ ገዥውም ጥፋቱ የእነርሱ ሆኖ ሳለ ፓወር አምፑን ይወቅሳል። መግቢያውም ሊታይ ይገባዋል። ባትሪ የሌለው ጊታር አንድ ሜጋ ኦም ያህል መግቢያ ይፈልጋል፤ 10 ኪሎ ኦም ብቻ በሆነ የሚክሰር መግቢያ ላይ ቢሰኩት ቀጭኑ ድምፅ ገና ከመነሻው ይሞታል፣ የሞተውንም ክሮስኦቨሩ ሊያስነሣው አይችልም።

ከሁሉ የሚረቀው ግን የቃና መቆጣጠሪያዎቹ ነገር ነው። ከግሬትፉል ዴድ የሙዚቃ ቡድን ጋር አብሮ ያደገው አሌምቢክ የተባለው ፋብሪካ የሠራው «ኤፍ 2 ቢ»፣ ብዙ ቤዚስቶች እንደ ታቦት የሚያከብሩት ባለ ቫልቭ ፕሪአምፕ፣ የቃና ሥርዓቱን የወረሰው ከፌንደር የጊታር ማጉያዎች ነው፤ ይህም ሥርዓት ቁልፎቹ ሁሉ መካከል ላይ ቢቆሙ እንኳ 400 ኸርዝ ግድም ያለውን ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ጠባይ አለው። በአንድ ማጉያ ለሚጫወት ሰው ይህ ደስ የሚያሰኝ ልስላሴ ነው። ክሮስኦቨሩን በዚያው ሠፈር፣ 300 ወይም 400 ኸርዝ ላይ፣ ላቆመው ሰው ግን ፕሪአምፑ የቆፈረው ጉድጓድ ከመክፈያው ድንበር ጋር ስለሚገጥም፣ ጉድለቱ ከየትኛው እንደመጣ ሳያውቅ ሌሊቱን ሙሉ ቁልፍ ሲያዞር ያድራል። መድኃኒቱ የመካከለኛውን ቁልፍ እስከ መጨረሻ ከፍቶ የወፍራሙንና የቀጭኑን ወደ ታች ማውረድ፣ ወይም ክሮስኦቨሩን ከዚያ ሠፈር ማራቅ ነው።

ጫጫታውም እንደ ድምፁ ይከፈላል። ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመጣው እምምታ ወደ ታችኛው፣ ከፕሪአምፑ የሚወጣው ሽውታ ወደ ላይኛው ስፒከር ስለሚሄድ፣ የትኛው ሣጥን እንደሚያጉረመርም ማድመጥ ብቻ ለምርመራ ይረዳል፤ ሣጥኑ ሆርን የተባለው የቀጭን ድምፅ ማውጫ ያለው ከሆነ ደግሞ ሽውታ የሚያበዛ ፕሪአምፕ፣ ቃናው የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይገዛም።

ቢሊ ሺሃን የተባለው አሜሪካዊ ግን መክፈሉን ከጊታሩ ከራሱ ጀምሮታል፤ አንገቱ አጠገብ የተከለው ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ዕቃ፣ ጥልቁን ድምፅ፣ ሌላው ፒክአፕ ደግሞ የጠራውን ድምፅ በየራሳቸው መውጫ ወደየራሳቸው ማጉያ ይልካሉ፤ በዚህም ምክንያት ላይኛውን እንዳሻው እያሻከረ ሲጫወት ታችኛው ሳይናወጥ ይቆማል። የእኔ አሳብ እንዲህ ነው፤ ማሻከር ለማይወድ ሰው ከክሮስኦቨሩ በፊት የሚቆም፣ ጸጥ ያለና መውጫው ብርቱ የሆነ አንድ ፕሪአምፕ ይበቃዋል። ማሻከር የሚወድ ግን ሁለተኛውን ከክሮስኦቨሩ በኋላ በላይኛው መንገድ ላይ ብቻ ያግባ፤ ታችኛውን በቫልቭ ማሳመር በአብዛኛው ገንዘብ ማባከን ነው።

ፕሪአምፖቹ ሁለት የሆኑ እንደሆነ ግን አንደኛው ማዕበሉን ገልብጦ የሚያወጣ ሊሆን ስለሚችል፣ በድንበሩ ላይ ሁለቱ ስፒከሮች እየተጻረሩ ድምፁን ያጠፉታል። በ1976 እ.ኤ.አ. ሊንክዊትዝና ራይሊ የተባሉ መሐንዲሶች ስማቸውን የያዘውን አከፋፈል ካስተዋወቁ ወዲህ፣ በአንድ ኦክታቭ 24 ዴሲቤል የሚቆርጠው ክሮስኦቨር ሁለቱን ወገኖች በድንበሩ ላይ ያስማማል፤ 12 ዴሲቤል ብቻ የሚቆርጠው ግን በራሱ ያጻርራቸዋል። ክሮስኦቨሩ 250 ኸርዝ ላይ ከቆመ፣ የቀጭኑ ክር 16ኛ ፍሬት 247 ኸርዝ ያህል ስለሚሰጥ፣ ያን ድምፅ ደጋግሞ መትቶ ማድመጥ ነው፤ ከዚያም የአንዱን ስፒከር ሁለት ሽቦዎች አቀያይሮ እንደገና መምታት፤ ከሁለቱ ድምፁ ሞልቶ የሚሰማበት አገጣጠም ትክክለኛው ነው።