የአንጀት እጥበትና ባክቴሪያዎች

ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው የሰውነት ክፍል ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ባክቴሪያ ሁሉ በሽታ አምጪ ይመስላቸው ዘንድ ብዙዎች ለምደዋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ለሰው ጠቃሚዎች ናቸው። ሰውነት ሊፈጨው ያልቻለውን የእህልና የአትክልት አሰር ይሰባብራሉ፤ ቪታሚን ኬን ይሠራሉ፤ ጎጂ ተሕዋስያንም ቦታ እንዳያገኙ ይከላከላሉ።

ሐኪም የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ለማየት ሲፈልግ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለበትን ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ በኩል ያስገባል። ይህ ምርመራ ኮሎኖስኮፒ ይባላል። አንጀቱ ካልጠራ ግን ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ትንሽ እባጭ በዓይነ ምድር ተሸፍኖ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ታማሚው አስቀድሞ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣል። በብዙ ስፍራ የሚሰጠው መድኃኒት ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለ ንጥረ ነገር ያለበት ነው። ይህም ንጥረ ነገር ወደ ደም ሳይገባ ውሃ ይዞ በአንጀት ውስጥ ስለሚያልፍ በዚያ ያለውን ጠርጎ ያወጣል።

ታዲያ ባክቴሪያዎቹ ምን ይሆናሉ? የፊንላንድና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህን ለማወቅ 23 ጤነኛ ሰዎችን ሁለት ሁለት ሊትር መድኃኒት አጠጥተው መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ከእጥበቱ በኋላ የባክቴሪያዎቹ ብዛት ከ31 እጅ ወደ አንድ እጅ ወርዶ ተገኘ። ሆኖም በ14 ቀን ውስጥ ብዛታቸውም ሆነ ስብጥራቸው ከሞላ ጎደል ወደ ቀድሞው ተመለሰ። መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ በጠጡት ሰዎች ላይ ለውጡ በረታ፤ አንድ አንድ ሊትር አድርገው በሁለት ጊዜ በጠጡት ላይ ግን ቀለለ።

የአንጀት ግድግዳ በሚያዳልጥ ዝልግልግ ፈሳሽ የተሸፈነ ነው። በዚያ የተጠጉት ባክቴሪያዎች ሁሉ ታጥበው አይሄዱም። ማሳን ጎርፍ ቢያጥበው እንኳ በአፈሩ ውስጥ የቀረው ዘር ተመልሶ እንደሚበቅል፣ የተረፉት ባክቴሪያዎችም ምግብ ሲያገኙ ይራባሉ።

እንግዲህ እጥበቱ ባክቴሪያዎቹን ያሳሳቸዋል እንጂ ከሥራቸው አይነቅላቸውም። በመሆኑም ምርመራ የታዘዘለት ሰው ባክቴሪያዎቹ ያልቁብኛል ብሎ መድኃኒቱን ማጋመስ አይገባውም፤ የተሰወረ እባጭ የሚያስከትለው ጉዳት ይብሳልና። ምርመራ ያልታዘዘለት ሰው ደግሞ ሆዴን ላጽዳ ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንጀቱን ማጠብ የለበትም፤ የሚጠቅሙትን ያለ ምክንያት ጠርጎ ያወጣልና።