ሥዕል ከመሣሉ በፊትና ከተሣለ በኋላ

የሥዕል ትምህርት ሦስት ሥራዎችን አጣምሮ የያዘ ነው፤ ማቀድ፣ መሥራትና የሠሩትን መለስ ብሎ መመርመር። በብዙ ክፍሎች ግን ጊዜውን ጠቅልሎ የሚወስደው መካከለኛው ነው። መምህሩ ርዕስ ይሰጣል፣ ተማሪው ይሥላል፣ ወረቀቱ ተሰብስቦ ነጥብ ተጽፎበት ይመለሳል። ሰባት ያገኘውም ዘጠኝ ያገኘችውም ምክንያቱ ሳይነገራቸው ወደ ሌላ ርዕስ ይታለፋል። ጥቂቶቹ «ተሰጥዖ አላቸው» ይባላል፤ የቀሩት ሥዕል የእነሱ ነገር እንዳልሆነ አምነው እርሳሱን ያስቀምጣሉ። ይህን እምነት የሚያሳድረው የልጆቹ እጅ ድክመት ሳይሆን የትምህርቱ ጉድለት ነው።

ማቀድ የሚጀምረው ከማየት ነው። «ገበያ ሣል» የተባለ ልጅ በሐሳቡ የተቀመጠውን ዣንጥላና ዘንቢል ይሥላል። መሐሉ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ካርቶን ሰጥተው በቀዳዳው እንዲያይ ሲያደርጉት ግን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ሻጯን ወይስ የገዢዋን እጅ? የተከመረውን ቃሪያ ወይስ ከጀርባ የቆመውን አህያ? ቀጥሎ በአንድ ገጽ ላይ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ አራት አምስት ሣጥኖች አስምሮ ያንኑ ትዕይንት በተለያየ አቀማመጥ ይነድፋል። በአንዱ ሻጯ መሐል ትቀመጣለች፤ በሌላው ወደ ጥግ ትገፋና ባዶው ቦታ ይሰፋል። በዚህ መጠን ዝርዝር መሣል ስለማይቻል የልጁ ትኩረት በቅንብሩ ላይ ያርፋል፤ ዋናው ነገር የት ይሁን፣ ብርሃኑ ከየት ይምጣ ይላል። አንዱ ንድፍ ከሁለት ደቂቃ በላይ ስለማይወስድም ቢጣል አያስቆጭም።

ዕቅድ ታዲያ የሚሻሻል ነገር ነው። ለዚህ የፓብሎ ፒካሶን «ጌርኒካ» ያህል ጥሩ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ሠዓሊው በጃንዋሪ 1937 እ.ኤ.አ. ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ትልቅ ሥዕል እንዲሠራ የስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት ጠየቀው። ወራት ቢያልፉም ርዕሱ አልቆረጠለትም ነበር። ኤፕሪል 26 ቀን የስፔኗ የጌርኒካ ከተማ በአውሮፕላን ቦምብ ስትደበደብ ጉዳዩን አገኘ፤ ሜይ 1 ቀን የመጀመሪያውን ንድፍ ጀመረ። ከ40 የሚበልጡ የዝግጅት ሥራዎች ዛሬም አሉ። 3.5 ሜትር ያህል ቁመትና 7.8 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ሸራ ላይ መሥራት ሲጀምር ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺዋ ዶራ ማር ሥራው የደረሰበትን ደረጃ በየጊዜው ፎቶግራፍ ታነሣ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች የወደቀው ወታደር ቡጢውን ጨብጦ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቷል። ቀጥሎ ያው እጅ የእህል ዛላ ይዞ ከጀርባው ፀሐይ ትታያለች። በመጨረሻው ሥዕል ወደ ላይ የተዘረጋው ክንድም እህሉም የሉም፤ ፀሐይዋም አምፖል የበራባት ዓይን መሳይ ሆናለች። እነዚህን ፎቶግራፎች በቅደም ተከተል ያየ ተማሪ ማጥፋትና መለወጥ የሥራው አካል መሆኑን ያምናል፤ ላጲስም አያሳፍረውም። ዛሬ ዶራ ማር ያደረገችውን ማንኛውም መምህር በእጅ ስልኩ ሊያደርገው ይችላል።

በመሥራቱ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መሣሪያው ራሱ ያስተምራል። በውሃ ቀለም ነጩ ቦታ ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ ሥራው ከፈዛዛው ተነሥቶ ወደ ደማቁ ይሄዳል፤ ነጩን አስቀድሞ ያላሰበ ተማሪ በኋላ አያገኘውም። ቀለም በሌለበት ትምህርት ቤት ከሰል፣ የተቀደደ ጋዜጣና ሙጫ ይበቃሉ።

ከሁሉ የሚዘነጋው ሦስተኛው ሥራ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ መምህር ኤድመንድ ፌልድማን ለሂስ አራት ደረጃ አስቀምጧል፤ የሚታየውን መግለጽ፣ አሠራሩን መተንተን፣ ትርጉሙን መፈለግ፣ በመጨረሻም መመዘን። በቅደም ተከተሉ ፍርድ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በባህላዊው አሠራር የተሣለ የዓድዋ ጦርነት ሥዕል ለዚህ ግሩም መለማመጃ ይሆናል። ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያዩትን ብቻ ይናገራሉ፤ ከላይ በፈረስ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በግራና በቀኝ የተሰለፉ ሠራዊቶች። ቀረብ ብለው ሲያዩ የኢትዮጵያውያኑ ፊት ሁለት ዓይን ሲታይበት የጠላት ወታደሮች በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ እንዳላቸው ያስተውላሉ። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ያኔ ከራሳቸው ይመጣል። መልሱ ቅዱሳንን በሙሉ ፊት፣ ክፉዎችን በጎን ከሚሥለው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትውፊት ውስጥ ይገኛል። እንዲህ ማየት የለመደ ልጅ የጓደኛውን ሥራ «ያምራል» ብሎ አያልፍም፤ የራሱንም ሥራ ካሰበው ጋር አስተያይቶ ምን እንደቀረው ይናገራል። መምህሩም ብሩሹን ነጥቆ በተማሪው ወረቀት ላይ ከማረም ይልቅ ቢጠይቅ ይሻላል።

በኢትዮጵያ በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተውና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ያስተማሩበት፣ ለሙያው የተመረጡትን ያሠለጥናል። አብዛኛው ልጅ ግን ሥዕልን የሚያገኘው በመደበኛው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ሥዕል የእሱ ነገር መሆን አለመሆኑ የሚወሰነውም እዚያው ነው። ስለዚህ ነጥብ አሰጣጡ መለወጥ አለበት። ከአሥሩ ነጥብ ግማሹ ለንድፎቹና ተማሪው ስለ ሥራው ለጻፋቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ቢሰጥ፣ እጁ ገና ያልፈታ ልጅም የሚማርበት መንገድ ይከፈትለታል። ወላጆችም ልጃችሁ ሥዕል ይዞ ወደ ቤት ሲመጣ «ጎበዝ» ከማለታችሁ በፊት «ይህን ለምን እዚህ ጋ አደረግኸው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም እስኪጨርስ አዳምጡት።