ኪታቦቻችን ከጣራ ሥር ወርደው ወደ ንባብ ቤት ይምጡ

 

ረመዳን የጾም ወር ከመሆኑም በላይ የቁርኣን ወር ነው። ቁርኣን መውረድ የጀመረው በዚህ ወር ሲሆን፣ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሂራ ዋሻ መጀመሪያ የመጣላቸው ትእዛዝም ማንበብን የሚመለከት ነበር። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ረመዳን 17 ቀን የተደረገውን የበድር ዘመቻ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በድሉ ነው። ከድሉ በኋላ የሆነውን ግን ጥቂቶች እናነሳለን። ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ የሌላቸው፣ ነገር ግን መጻፍ የሚችሉ ምርኮኞች የመዲናን ልጆች ጽሕፈት እያስተማሩ ነፃ እንዲወጡ መደረጉን የሲራ ሊቃውንት ዘግበዋል። መምህራኑ በዚያን ጊዜ ሙስሊሞች አልነበሩም፤ የመጡትም ለመውጋት ነበር። ነቢያችን ግን በእጃቸው ያለውን ዕውቀት ለልጆች ጥቅም አዋሉት።

ይህን ያነሳሁት በእኛ በወሎ በምኖርባት ትንሽ ከተማ ስላለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥቂት ነገር ለማለት ነው። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የእንጨት መደርደሪያዎች፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉት። አብዛኛው መጽሐፍ የትምህርት ቤት መማሪያ ሲሆን የተቀረው ልብ ወለድ፣ ታሪክና የሃይማኖት መጻሕፍት ነው። እንደ አዲስ አበባው አብርሆት ያለ ግዙፍ ሕንፃ ወይም በ1936 ዓ.ም. እንደተቋቋመው እንደ ወመዘክር ያለ ሰፊ ክምችት አንጠብቅበትም። ቢሆንም ቤቱ ውስጥ መብራትና ጸጥታ የሌለው ተማሪ ሌላ የሚሄድበት የለውም።

በጾሙ ወር ምን ተለወጠ?

ዘንድሮ ረመዳን ትምህርት ባልተዘጋበት ጊዜ ገብቷል፤ ከክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም ጋርም ተገናኝቷል። ቀድሞ ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋው ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር በ11 ሰዓት ተኩል ነበር። በዚህ ወር ግን ከዐስር ሶላት በኋላ የሚመጡ ልጆች ስለበዙ እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ለኢፍጧር ወደ ቤቱ ይደርሳል። ሴቶች ልጆች ሳይመሽ እንዲገቡ ሲባል የሌሊት ንባብ አልተጀመረም፤ ወላጆችም በዚህ ተስማምተዋል።

አገልግሎቱ በነፃ ነው። መጽሐፍ በውሰት ለመውሰድ መታወቂያ ወይም የተያዥ ፊርማ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚፈልገውን ሳያገኝ የሚመለሰው አደራደሩን ስለማያውቅ ነው። እዚህም እንደ ብዙ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቱ የሚደረደሩት በዲዊ የቁጥር ሥርዓት ነው። ስለ እስልምና የተጻፉ መጻሕፍት በ297፣ የኢትዮጵያ ታሪክ በ963 ሥር ይገኛሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ የያዘ ሰው ባለሙያዋን ሳያስቸግር ወደ መደርደሪያው መሄድ ይችላል። በ1961 ዓ.ም. ታትሞ የወጣው የመጀመሪያው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉምም፣ ባለበት ቤት ሁሉ፣ መገኛው እዚያው 297 ላይ ነው።

በየቤቱ የተሰቀለው ሀብት

ዋናው ጉዳዬ ግን መደርደሪያው ላይ የሌለው ነው። ወሎ የኪታብ አገር ነች። ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ፣ ሾንኬ እያልን የምንጠራቸው ቦታዎች ደረሳ ከሩቅ አገር ስንቁን ተሸክሞ እየመጣ ነህው፣ ፊቅህና ተፍሲር የቀራባቸው ናቸው። ደረሳው ኪታብ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው ከሸኹ ኪታብ በእጁ ይገለብጥ ነበር። ወረቀቱ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አንዳንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ብታዩት ሦስት ጨረቃ የሚመስል ምልክት ከውስጡ ይታያል፤ ይህ በቬኒስ አካባቢ ተሠርቶ ለምሥራቁ ገበያ ይላክ የነበረ ወረቀት ምልክት ነው። የወሎ ደረሳ በጣልያን ወረቀት ላይ በአገሩ ቀለም ዓረብኛ ጽፎበታል።

እነዚህ ኪታቦች ዛሬ የት አሉ? ብዙዎቹ በቆዳ ከረጢት ሆነው ከጣራ ሥር ተሰቅለዋል። ከታች ምድጃ ይነዳል፤ ከላይ ቆርቆሮው ያንጠባጥባል። ብል፣ አይጥና ምስጥ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሸኹ ሲሞቱ ልጆች ኪታቡን እንደ ከብት ይካፈሉታል፤ አንድ ኪታብ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከታላቅ፣ ግማሹ ከታናሽ ቤት የሚገኝበት ጊዜ አለ። አንዳንዱም በችግር ጊዜ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ከዚያ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

በሰሃራ በረሃ ዳር ያለችው የሞሪታንያዋ ትንሽ ከተማ ሺንጊጥ በዓለም የታወቀችው ቤተሰቦች ከአባት ወደ ልጅ በሚያስተላልፏቸው የኪታብ ቤቶች ነው። በ1996 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከሌሎች ሦስት ጥንታዊ ከተሞች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። እነሱን የሚፈታተናቸው አሸዋ ነው፤ እኛን ጭስና ምስጥ።

ሽማግሌው ያነባሉ፣ ልጅቷ ትጽፋለች

ቤተ መጻሕፍቱ በዚህ ረመዳን የጀመረው አዲስ አገልግሎት ለዚህ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከዙህር በኋላ ኪታብ ያለው ሰው ይዞ ይመጣል። ባለሙያዋ ቅጠል በቅጠል በስልክ ካሜራ ታነሳለች፤ ምስሉ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ይቀመጣል፤ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጣል። ኪታቡ ግን በዚያው ዕለት ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ የዐጀሙ ሥራ ነው። ዐጀም የምንለው በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ የገዛ ቋንቋችን ነው። እንደ አርጎባው ሸህ ጠልሃ ኢብኑ ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንት በአማርኛ የደረሷቸው መንዙማዎች ለእኛ የደረሱት በቃልና በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ንባቡ ግን ቀላል አይደለም። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው፤ የዓረብኛ የድምፅ ምልክቶች ሦስት ናቸው። ለ«ጨ»፣ ለ«ኘ» እና ለ«ጰ» ደግሞ ዓረብኛ ፊደል የለውም። ጸሐፊው ነጥብ ይጨምራል ወይም ቀራቢውን ፊደል ይዋሳል፤ የቀረውን አንባቢው ከቃሉ ዙሪያ ገምቶ ይሞላዋል። ስለዚህ ዐጀምን በትክክል የሚያነበው ግጥሙን በልጅነቱ በጆሮው የሰማ ሰው ነው።

በየከተማችን እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የአማርኛ ፊደል አይጽፉም። ልጆቻችን ደግሞ ፊደሉን ያውቃሉ፣ ዐጀሙን አያውቁም። ስለዚህ በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ሽማግሌው እያዜሙ ያነባሉ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ በደብተሯ ትጽፋለች። ያልገባት ቃል ሲመጣ «አባባ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» ትላለች፤ «ልጄ፣ ይህ እኮ የአያቶችሽ አማርኛ ነው» ይሏትና ያስረዷታል። ሽማግሌው ነገ ቢሞቱ ኪታቡ ቢተርፍ እንኳ ንባቡ አብሮ ይቀበራል። የምንቸኩለው ለዚህ ነው።

የሚነሱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ሥጋት «ያለ ውዱእ ይነካል» የሚል ነው። ሥጋቱ ከአደብ የመጣ ስለሆነ መከበር አለበት። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ውዱእ የሚያስፈልገው ሙስሐፍን ለመንካት ነው። የነህው፣ የፊቅህና የመንዙማ ኪታቦች ግን በዚህ ደረጃ አይታዩም፤ በንጹሕ እጅ መያዛቸው ይበቃል። ሙስሐፍ ሲመጣ ቅጠሉን የሚገልጠው ባለቤቱ ራሱ ወይም ውዱእ ያለው ሰው ነው፤ ባለሙያዋ ካሜራውን ብቻ ትይዛለች።

ሁለተኛው «ይወሰድብናል» የሚል ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅም ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤቱን የሚጠይቀው እንዲያስመዘግብና እንዲጠብቀው ነው፤ የሚከለክለው ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ነው። የተመዘገበና ምስሉ የተያዘ ኪታብ ቢሰረቅ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይቻላል። ከጣራ ሥር ተሰቅሎ የጠፋ ግን ምስክር የለውም።

ሦስተኛው ጥያቄ የዘካ ነው። «የዘካዬን ገንዘብ ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መግዣ ልስጥ?» የሚሉኝ አሉ። ዘካ ተቀባዮቹ ስምንት ሆነው በቁርኣን ተወስነዋል፤ አብዛኞቹ ዑለማዎችም ለሕንፃና ለመሳሰለው የሕዝብ ሥራ አይውልም ብለዋል። ዘካ የምስኪኑ ሐቅ ነው፤ ከእጁ አንውሰድበት። ድሃ ተማሪ ዘካ ተሰጥቶት በገንዘቡ ደብተርና መጽሐፍ ቢገዛበት ግን የራሱ ነው።

ለቤተ መጻሕፍት የሚሆነው ሰደቃና ወቅፍ ነው። በአገራችን በሚሠራባቸው በሻፊዒም ሆነ በሐነፊ መዝሀብ ለዚህ በር አለ። ሻፊዒዮች ዕቃው ሳያልቅ ጥቅሙ የሚቀጥል ከሆነ ተንቀሳቃሽ ንብረትንም ወቅፍ ማድረግ ይፈቅዳሉ። በሐነፊ መዝሀብ የወቅፍ መሠረቱ የማይንቀሳቀስ ንብረት ቢሆንም፣ ኢማም ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒ በሰዎች ዘንድ የተለመደውን ፈቅደዋል፤ መጻሕፍትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ወቅፍ የሆነ ኪታብ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ በስጦታ አይተላለፍም። በኑዛዜ ከሆነ ደግሞ ከሀብቱ ሲሶ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል። ለሁለት ወንድማማች ተከፍሎ የሚቀደድን ኪታብ የሚያድነው መንገድ ይኸው ነው። ሰው ሲሞት ሥራው ከማይቋረጥባቸው ሦስት ነገሮች አንዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት መሆኑንም ከሐዲሥ እናውቃለን።

በ395 ዓመተ ሂጅራ በካይሮ የተከፈተው ዳሩል ዒልም ለመጣ ሁሉ ቀለም፣ ብዕርና ወረቀት በነፃ ያቀርብ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ያ የቤተ መንግሥት ሀብት ነበር። የእኛ ቤት የሚጎድለው ደግሞ ትንሽ ነው፦ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ፋኖስ፣ የኮምፒዩተር ማስቀመጫ ዲስክ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። አንድ የኢፍጧር ግብዣ በአንድ ዓይነት ምግብ ቢቀነስ ይህ ይሞላል።

ኪታብ ላላችሁ

እስክትመጡ ድረስ ኪታባችሁን ከምድጃው በላይ አታቆዩት፤ መሬት ላይም አታስቀምጡት። በፌስታል አትጠቅልሉት፤ እርጥበት ያፍናል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠቅለል። የተቀደደውን በስኮች አታጣብቁት፤ ሙጫው ወረቀቱን ይበላዋል። የተፈታ ቅጠል ካለ ቅደም ተከተሉን ሳትለውጡ አብራችሁ አኑሩት። ኪታቡ ጫፍ ላይ የተጻፈ ስም፣ ቀን ወይም የልጅ ልደት ካለ አትፋቁት፤ ለዘመኑ ምስክር እሱ ነው።

ማንበብ የምትችሉ ሽማግሌዎችና እናቶች ደግሞ ኪታብ ባይኖራችሁም ኑ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም በቤታችሁ ያለ የብራና መጽሐፍ ወይም የቆየ ደብዳቤ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ካሜራው የሁላችን ነው። ረመዳን ሲያልቅ ሰዓቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ የቅዳሜና የእሑዱ ሥራ ግን ሰው እስከመጣ ድረስ ይቀጥላል።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። ረመዳን ከሪም።